ፀሐይ እያለ ፍላሽ ምን ይሠራል? በመዝናኛ ፓርክ ቤተሰብ ለሚያነሱ

ሐምሌ ነበር። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች። ልጆቹን ይዘን ከሜሪላንድ ተነሳንና ፍሎሪዳ፣ ዲዝኒ ወርልድ ወረድን። ከፓርኮቹ አንዱ ወደሆነው ማጂክ ኪንግደም ስንገባ እማዬ ነጭ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳለች። ፀሐዩ ሲበረታባት ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናነበች።

ከሲንደሬላ ግንብ ፊት አቆምኳት። ልጆቹ በግራ በቀኟ ተሰለፉ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ካሜራዬን አውጥቼ ሦስት አራቴ ቀጭ አደረግኩ።

ማታ ሆቴል ገብተን አየነው። ግንቡ አምሯል። ሰማዩ አምሯል። ነጠላው እንደ አምፖል ያበራል። ነጠላው ውስጥ ግን ፊት የለም። ዓይኖቿ ያሉበት ቦታ ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ሆኗል። እማዬ መነጽሯን አደረገች። ካሜራውን ጠጋ አድርጋ አየችና «እኔስ የታለሁ?» አለችኝ።

ፍላሹ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ቀኑን ሙሉ ተሸክሜዋለሁ፤ ግን አላወጣሁትም። ፀሐይ እያለ ፍላሽ ምን ይሠራል ብዬ ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ፍላሽ የጨለማ ዕቃ ይመስለዋል። ለቤተሰብ ፎቶ ግን ፍላሽ ከምንም ጊዜ በላይ የሚያስፈልገው በጠራራ ፀሐይ ነው። ይህን በደንብ ላስረዳ፤ ያቺን ፎቶ መልሼ ማንሳት ስለማልችል ሌላ ሰው እንዳያመልጠው እፈልጋለሁ።

ብርሃን በዝቶ ፊት ለምን ይጨልማል?

ዲዝኒ ወርልድ አጠገቧ ያለው ኦርላንዶ ከተማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 28 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት። በሰኔ አጋማሽ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይዋ ከአድማስ 85 ዲግሪ ገደማ ከፍ ትላለች። አናት ላይ ናት ማለት ይቻላል። እኩለ ቀን ስል ደግሞ የእጅ ሰዓታችሁን አትዩ። አሜሪካ በሰመር ሰዓቷን ወደፊት ትገፋለች። ከተማዋም በሰዓት ቀጠናዋ ውስጥ ወደ ምዕራብ ገባ ያለች ናት። ስለዚህ ፀሐይዋ አናት ላይ የምትደርሰው በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቤተሰቡ ምሳውን በልቶ «በሉ አሁን ፎቶ እንነሳ» የሚልበት ሰዓት ነው።

ብርሃን ከላይ ሲወርድ ግንባርን፣ የአፍንጫን ጫፍና የጉንጭን አናት ይመታል። ከቅንድብ በታች ያለው ጥላ ይሆናል። ዓይን ይጠፋል። ኮፍያ ያደረገ ልጅ ከሆነ ግማሽ ፊቱ አብሮ ይጠፋል። ነጠላም እንደዚያው ነው።

ቆመን ስናያት ግን የእማዬ ፊት በደንብ ይታየን ነበር። ዓይናችን ከብሩህ ቦታ ወደ ጥላ ሲዞር ራሱን ያስተካክላል። ካሜራ ይህን አይችልም። ለመላው ፎቶ የሚመርጠው አንድ የብርሃን መጠን ነው። ለሰማዩና ለግንቡ ከመረጠ ፊቱ ይጠቁራል። ለፊቱ ከመረጠ ሰማዩ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ሰዉና ከኋላው ያለው ነገር በብርሃን ሆድና ጀርባ ሆነዋል።

የሚመርጥበት መንገድም ለኛ አያግዝም። የካሜራው መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ነው የሚፈልገው። ነጭና ብሩህ ነገር ሲበዛበት ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንሳል። ግንቡ፣ ቀሚሱ፣ ነጠላው ሁሉም ያስቀንሱታል። ዕዳውን የሚከፍለው ጠይሙ ፊት ነው። ለጥቁር ሰው ይህ የቆየ ችግር ነው። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች በሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ ለአሥርተ ዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ነበረች። «ሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር። በዚያ ሚዛን ሲታተም የጥቁር ሰው ፊት ዝርዝሩ ይጠፋል። ዛሬ ካሜራው ብዙ ተሻሽሏል። ብርሃኑን ግን አሁንም እኛው ማምጣት አለብን።

ኤፕኮት ላይ ደግሞ ይብሳል። ኤፕኮት እ.ኤ.አ. በ1982 የተከፈተው የዲዝኒ ወርልድ ሁለተኛ ፓርክ ነው። መግቢያው ላይ 55 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ብርማ ኳስ አለ። ስፔስሺፕ ኧርዝ ይሉታል። እዚያ ሳይነሳ የሚያልፍ ሰው የለም። ዋናው በር ያለው በኳሱ በስተሰሜን በኩል ነው። ስለዚህ ገና እንደገባችሁ ኳሱን ከኋላ አድርጋችሁ ስትቆሙ ካሜራው የሚያየው ወደ ደቡብ ነው። በገና ሰሞን እዚያ ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ እንኳ 38 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የምትወጣው። እሱም በደቡብ በኩል፣ ልክ ከኳሱ ኋላ። ቤተሰቡ ጥላ ሆኖ ይወጣል።

የሲንደሬላ ግንብ ተቃራኒው ነው። ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ነው። ከዋናው ጎዳና ላይ ሆናችሁ ስታነሱ ግንቡ በፀሐይ ያምራል። ልጆቹ ግን ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ ይገባና ፊታቸውን ያጨፈግጋሉ። እኔ ምርጫ ካለኝ ሰዉ ለፀሐይ ጀርባውን ይስጥ እላለሁ፤ ፊቱን በፍላሽ እሞላዋለሁ። ዓይን የተገለጠበት ፎቶ ይበልጥብኛል። ግንቡን ደግሞ ዞር ብሎ ከኋላው፣ ፋንታሲላንድ በሚባለው የፓርኩ ክፍል በኩል ማንሳትም ይቻላል። እዚያ ፀሐይዋ ከሰዉ ጀርባ ትሆንላችኋለች።

ቧንቧውና ጣሳው

ፍላሽ ካሜራው አናት ላይ ባለው መስኪያ ላይ ይሰካል። ይህ ቀላል ነው። የሚያምታታው ቁጥሩ ነው። ሹተሩን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ክፍት የሚሆንበትን ጊዜ፣ ትለውጣላችሁ፣ የፍላሹ ብርሃን አይለወጥም። አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ፣ ትለውጣላችሁ፣ ሁሉም ይለወጣል። ይህ አንዴ ከገባችሁ ሌላው ይቀላል።

ባዶ ጀሪካን ቧንቧ ሥር አስቀመጣችሁ እንበል። ቧንቧው የፀሐይ ብርሃን ነው፤ ሳያቋርጥ ይወርዳል። ጀሪካኑ ቧንቧው ሥር የሚቆይበት ጊዜ የሹተር ፍጥነት ነው። ብዙ ከቆየ ብዙ ይገባል፤ ትንሽ ከቆየ ትንሽ። በመሃል አንድ ሰው መጣና አንድ ጣሳ ውኃ ቸለስ አደረገበት። ጣሳው ፍላሹ ነው። በቅጽበት ነው የሚያልቀው። ጀሪካኑ ቧንቧው ሥር ቆየም አልቆየም ያ ጣሳ ያው አንድ ጣሳ ነው። የጀሪካኑ አፍ ከጠበበ ግን ከቧንቧውም ከጣሳውም የሚገባው ይቀንሳል። አፉ አፐርቸሩ ነው።

እንግዲህ በአንድ ፎቶ ውስጥ ሁለት ብርሃን አለ። ከኋላ ያለውን ሰማይና ግንብ በሹተር ታስተካክላላችሁ። ፊት ለፊት ያለውን ሰው በፍላሹ ኃይል። አፐርቸርና አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃንን ምን ያህል አጉልቶ እንደሚቀበል የሚወስነው ቁጥር) ሁለቱንም ይነካሉ።

«እንግዲያው ሹተሩን 1/1000 ሰከንድ አድርጌ ሰማዩን ደማቅ ሰማያዊ ላድርገው» ትሉ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ወሰን አለ። የካሜራ ሹተር ሁለት መጋረጃ ነው። አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው ተከትሎ ይዘጋል። በብዙ ካሜራ እስከ 1/200 ወይም 1/250 ሰከንድ ድረስ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ የሚቆይበት ቅጽበት ይገኛል። ፍላሹ ያን ጊዜ ቦግ ይላል። ከዚያ ከፈጠነ የመጀመሪያው መጋረጃ ሳይጨርስ ሁለተኛው ይነሳል። ክፍተቱ ጠባብ ስንጥቅ ሆኖ ሴንሰሩ ላይ ይጓዛል። ፍላሹ ያን ጊዜ ቢበራ የሚያገኘው ስንጥቁን ብቻ ነው። የቀረው የፎቶ ክፍል ጥቁር ቀበቶ ይሆናል። ይህ ወሰን ሲንክ ስፒድ ይባላል። ፍላሹ ለካሜራችሁ የተሠራ ከሆነ ካሜራው ራሱ ከወሰኑ አያሳልፋችሁም።

ሃይ ስፒድ ሲንክ ያላቸው ፍላሾች ወሰኑን ያልፋሉ። አንዴ ቦግ ከማለት ይልቅ ስንጥቁ ተጉዞ እስኪጨርስ በፍጥነት ደጋግመው ይበራሉ። ጉልበታቸው ግን በጣም ይወርዳል። ቀረብ ብለው ለቆሙ ሁለት ሰዎች ይሆናል። ለአሥር ሰው አይበቃም።

ስንት ሜትር ይደርሳል?

የድሮ ፎቶ አንሺዎች ያለ መለኪያ የሚሠሩበት ሕግ አለ። ፀሐይ ጥርት ብላ ስትወጣ አይኤስኦ 100፣ ሹተር 1/100፣ አፐርቸር ኤፍ 16 ነው። ሹተሩን ወደ 1/200 ስታሳጥሩት አፐርቸሩ ወደ ኤፍ 11 ይከፈታል፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ስለዚህ በፍሎሪዳ ፀሐይ መነሻችሁ አይኤስኦ 100፣ 1/200፣ ኤፍ 11 ይሁን። ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ሰዉን ለፍላሹ ተዉለት።

ፍላሹ ይችላል ወይ? የፍላሽ ጉልበት የሚለካው ጋይድ ነምበር በሚባል ቁጥር ነው። አይኤስኦ 100 ላይ ይህን ቁጥር በአፐርቸሩ ስታካፍሉት ፍላሹ የሚደርስበትን ሜትር ይሰጣችኋል። ቁጥሩ 44 የሆነ ፍላሽ በኤፍ 11 እስከ 4 ሜትር ድረስ ከፀሐይ ጋር እኩል ያበራል። 33 የሆነ እስከ 3 ሜትር። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የፍላሹ ጨረር ሲጠብ ያለው ነው። ሰፋ አድርጋችሁ ስታነሱ ይቀንሳል፤ ስትገዙ ይህን አትርሱ። ካሜራው ላይ አብራ የተሠራችው ትንሿ ፍላሽ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 12 ገደማ ናት። በኤፍ 11 አንድ ሜትር እንደማለት ነው። በቀን ቤተሰብ ለማንሳት የምትሰካዋን ፍላሽ ግዙ የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ካኖን፣ ኒኮን፣ ሶኒ ይሁን ወይም ዋጋው ቀለል የሚለው ጎዶክስ፣ ዋናው ከካሜራችሁ ጋር መግባባቱ ነው።

ደግነቱ ከፀሐይ ጋር እኩል መሆን የለብንም። ጥላውን መሙላት ብቻ ነው የምንፈልገው፤ ለዚህ የፀሐይዋን ሩብ ያህል ብርሃን እንኳ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ያ 44 ያልነው ፍላሽ ሩቡን እስከ 8 ሜትር ያደርሳል። የፍላሽ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ግማሽ አይሆንም፤ ሩብ ነው የሚሆነው።

ይቺ ሕግ ሰው ስታቆሙም ታገለግላለች። ልጆቹ 2 ሜትር ላይ፣ አባታቸው ከኋላ 4 ሜትር ላይ ከቆሙ፣ አባት የሚደርሰው ልጆቹ ካገኙት ሩብ ነው። ልጆቹ ነጭ፣ አባት ጥቁር ሆነው ይወጣሉ። ሁሉንም በአንድ መስመር አቁሙ። ቦታ ከሌለ እናንተ ወደ ኋላ ሂዱና ዙም አድርጉ። አንዱ 5፣ ሌላው 7 ሜትር ላይ ሲሆኑ የኋለኛው ግማሽ ያገኛል። ልዩነቱ ያን ያህል አያስከፋም።

ቁጥር የማይወድ ሰው ደግሞ አለ፤ አይከፋም። ካሜራውን ሹተሩንና አፐርቸሩን ራሱ የሚመርጥበት ፒ ላይ አድርጉት፣ ፍላሹን ቲቲኤል ላይ። ቲቲኤል ማለት ፍላሹ አስቀድሞ ትንሽ ብልጭ ይልና፣ ካሜራው በሌንሱ በኩል የተመለሰውን ብርሃን ለክቶ ለዋናው ብልጭታ መጠኑን ይወስናል ማለት ነው። እኛ የምናየው አንድ ብልጭታ ብቻ ነው። ከዚያ የመብረቅ ምልክትና የመደመር መቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ፈልጉ። የፍላሹን መጠን ከፍ ዝቅ የምታደርገው እሷ ናት። በቀን መነሻዬ ከዜሮ በታች 1 ነው። ፍላሹ ሠራ ሠራ አይልም፤ ፊቱ ግን ይወጣል።

በሦስተኛው ቀን ኤፕኮት ሄድን። እማዬ ያንኑ ነጠላ አድርጋለች። ኳሱን ከኋላዋ አደረግኩ፤ ፍላሹን ሰካሁ። ቲቲኤል፣ ከዜሮ በታች 1። የመጀመሪያው ፎቶ ከግንቡ ይሻላል፤ ግን አሁንም ፊቷ ደብዘዝ ብሏል። ትንሽ ቆሜ አሰብኩ። ነጠላው ነው! ካሜራውን ያታለለው ነጭ ፍላሹንም ያታልለዋል። ያቺ የመጀመሪያዋ ብልጭታ ነጠላው ላይ አርፋ በርትታ ስትመለስ፣ ካሜራው ብርሃኑ በቃ ብሎ ይቀንሳል። ቁልፏን ከዜሮ በላይ 1 ላይ አደረግኳት። ደግሜ አነሳሁ። ዓይኖቿ ውስጥ ትንሽ የብርሃን ነጥብ ገባች። የግንባሯ ንቅሳት እንኳ ይታያል። በስክሪኑ ላይ አሳየኋት። «አሁን እኔ ነኝ» አለች።

ስለዚህ የሐበሻ ልብስ ለብሳችሁ የምትነሱ ከሆነ የፍላሹን መጠን ከለመዳችሁት ከፍ አድርጉት። ሁሉም ጥቁር ቲሸርት ከለበሰ ደግሞ ካሜራው በተቃራኒው ያበዛል፤ ዝቅ አድርጉት። መጀመሪያ አንድ ፎቶ አንስታችሁ ስክሪኑ ላይ ፊቱን አቅርባችሁ እዩ። አሥር ሴኮንድ አይፈጅም።

ላብም አለ። የፍሎሪዳ ሰመር እርጥብ ነው፤ ፊት ያብረቀርቃል። ጠይም ቆዳ ላይ ቀጥታ ፍላሽ ሲያርፍ ላቡ ግንባር ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው ሶፍት ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ግንባርና አፍንጫ ጠረግ ጠረግ አድርጉ። ብዙ ሰው ለዚህ ብሎ ፍላሹ ራስ ላይ የምትደረገውን ነጭ የፕላስቲክ ቆብ ይገዛል። ያቺ ቆብ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ብርሃኑን በየአቅጣጫው ትበትነዋለች፤ ጣሪያውና ግድግዳው ይመልሰዋል። ሜዳ ላይ ጣሪያ የለም። የተበተነው ብርሃን ሰማይ ነው የሚሄደው። ጉልበቱን ለከንቱ ታባክኑታላችሁ። ውጭ አውልቋት። ምግብ ቤት ገብታችሁ ጣሪያው ነጭና ዝቅ ያለ ከሆነ ግን የፍላሹን ራስ ወደ ጣሪያው አዙሩት። ብርሃኑ ከላይ ለስልሶ ይወርዳል።

ሕፃን ያላችሁ ሰዎች ዓይኑን ይጎዳል ወይ ብላችሁ ትፈሩ ይሆናል። በተለመደው ርቀት የካሜራ ፍላሽ የሕፃን ዓይን እንደሚጎዳ የታወቀ ነገር የለም። ፊቱ ላይ አስጠግታችሁ ግን አታብሩበት፤ ይደነግጣል።

ስልክ ብቻ የያዘ ሰውም አይቸገር። የስልክ መብራት ደካማ ስለሆነ በቀን አይረዳም። ስልኩ ግን ብዙ ፎቶ በአንዴ አንስቶ ያዋህዳል፤ ጥላውንም ከፍ ያደርገዋል። ሰዉን ከዛፍ ወይም ከሕንፃ ጥላ ጠርዝ ላይ አቁሙ፤ ብዙ ይሻሻላል። የዓይን ውስጥ ያቺን ነጥብ ግን አታገኟትም።

ማታ ሲሆን

ማታ ግንቡ በቀለም መብራት ይደምቃል። እዚህ የሚመጣው ስህተት የቀኑ ግልባጭ ነው። ፍላሹን በአውቶ ስትተኩሱ ሰዉ ይበራል፤ ከኋላ ያለው ሁሉ ድቅድቅ ጨለማ ይሆናል። የተነሳችሁት ኦርላንዶ ይሁን ጓሯችሁ አይለይም። ምክንያቱ ያው የጀሪካኑ ነው። ካሜራው ሹተሩን አሳጠረ፤ ቧንቧው ደግሞ ማታ የሚያንጠባጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ ጀሪካኑ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይ። አይኤስኦ 1600፣ ኤፍ 4፣ ሹተር 1/30፣ ፍላሹ ቲቲኤል፣ ከዜሮ በታች 1። ግንቡ ከጨለመ ሹተሩን ወደ 1/15 አውርዱት። ብዙ ካሜራ ላይ ስሎው ሲንክ የሚል ምርጫ ይህንን ራሱ ይሠራል።

በ1/15 እጅ ይንቀጠቀጣል። ክርናችሁን ሆዳችሁ ላይ ደግፉ። ሰዉ የመንገድ መብራት ያላረፈበት፣ ደብዘዝ ያለ ቦታ ይቁም። እዚያ ፊቱን የሚያበራው ፍላሹ ብቻ ስለሆነ፣ ያ አጭር ብልጭታ እንቅስቃሴውን ያቆመዋል። «ፍላሹ ከበራ በኋላ ትንሽ ቆዩ፣ አትበተኑ» በሏቸው። ልጆች ቦግ ሲል ይሮጣሉ።

ሌላ ነገር ደግሞ ቀለሙ ነው። የፍላሽ ብርሃን እንደ ቀን ብርሃን ነጭ ነው። የፓርኩ የማታ መብራት በብዛት ቢጫ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ፊት አመዳም፣ ከኋላ ያለው ብርቱካን ይመስላል። ፍላሹ አፍ ላይ የሚለጠፍ ስስ ብርቱካናማ ፕላስቲክ ይሸጣል። ዋጋው ትንሽ ነው። እሱን ስትለጥፉ የፍላሹ ቀለም ወደ መብራቱ ይቀርባል። ጠይም ቆዳ በዚህ ሞቅ ባለ ብርሃን በጣም ያምራል።

ርችቱን በፍላሽ ማንሳት አይቻልም። ፍላሹ ሜትሮች ነው የሚደርሰው፤ ርችቱ ሰማይ ላይ ነው። ፍላሹ ለናንተ የሚያበራላችሁ ፊት ለፊታችሁ የቆመውን ሰው ጭንቅላት ብቻ ነው። ቤተሰቡን ከፊት፣ ርችቱን ከኋላ ማድረግ ከፈለጋችሁ ግን ያው ስሎው ሲንክ ይሠራል። ርችቱ ራሱ ብርሃን ስለሆነ ሹተሩ ክፍት በቆየበት ጊዜ ራሱን ይሥላል።

የማይበራበት ቦታ

በጀልባ ወይም በጋሪ ጨለማ ውስጥ የሚኬድባቸው ጨዋታዎች ላይ ፍላሽ ክልክል ነው። ይህን ሕግ ከልቤ እደግፈዋለሁ። የሰው ዓይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይወስዳል። የናንተ አንድ ብልጭታ አብሯችሁ ያለውን ሰው ሁሉ ለጊዜው ያሳውራል። ፎቶውም አይረባም። እዚያ ውስጥ ያለው ውበት ሁሉ በመብራት የተሠራ ነው፤ ፍላሹ ሲበራ እንጨቱና ቀለሙ ብቻ ይቀራል። አኒማል ኪንግደም በሚባለው ፓርክ ውስጥ ባለው የኪሊማንጃሮ ሳፋሪም እንስሳቱ ላይ ፍላሽ አታብሩ። መድረክ ላይ ሰው የሚጫወትበትም ቦታ እንደዚሁ።

ካሜራው ላይ ፍላሽ እንዳይበራ አድርጋችሁም ቢሆን አንድ ነገር ሊያመልጣችሁ ይችላል። ብዙ ፍላሽ ካሜራው ፎከስ እንዲያደርግ ጨለማ ውስጥ ቀይ ብርሃን ይተፋል። ፍላሹን ራሱን አጥፉት ወይም ነቅላችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። ሲነቀል ካሜራው ይቀላል፤ ወደ ጨዋታው ስትገቡም አይመታባችሁም።

የካሜራ እግርን በተመለከተ ዲዝኒ ወርልድ በተለመደ የጀርባ ቦርሳ የማይገባ ወይም ከ182 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚረዝም አያስገባም። ሴልፊ ስቲክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ክልክል ነው። ፍላሹን በሽቦ ከካሜራው አርቆ በጎን ማብራት የሚፈልግ ሰው፣ አንዱን የቤተሰብ አባል በእጁ እንዲይዝ ማድረግ ይችላል። እኔ ግን በዚያ ሕዝብ መሃል አልመክርም። ልጅ እየጠፋባችሁ ሽቦ አትፈልጉ።

ባትሪና ጉም

አብዛኛው ፍላሽ 4 የድንጋይ ባትሪ ይወስዳል። የሱቅ አልካላይን አትጠቀሙ። ደጋግማችሁ ስትተኩሱ ለመሙላት ይዘገያል፤ በጣም የሚያምረው ፎቶ ላይ ፍላሹ አልበራም ይላችኋል። እንደገና የሚሞላ፣ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለውን ስምንት ግዙ። አራቱ ፍላሹ ውስጥ፣ አራቱ በኪስ። የራሱ ሊቲየም ባትሪ ያለው ፍላሽ ከሆነና በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ትርፉን ባትሪ በእጅ ሻንጣ ያዙት። የሚጫን ሻንጣ ውስጥ ማድረግ አይፈቀድም።

የመጨረሻው ጠዋት ላይ የሚያጋጥም ነው። ሆቴሉ በኤር ኮንዲሽን ቀዝቅዟል። ውጭው ሞቃትና እርጥብ ነው። ቀዝቃዛውን ካሜራ ይዛችሁ ስትወጡ ሌንሱ ላይ ጉም ይለጠፋል፤ ልክ ከውጭ ሻይ ቤት ስትገቡ መነጽር ላይ እንደሚሆነው። ብትጠርጉት መልሶ ይመጣል። ሌንሱን ለመቀየርም አትክፈቱት፤ እርጥበቱ ውስጥ ይገባል። ካሜራውንም ፍላሹንም ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጉ ይዛችሁ ውጡ። ግማሽ ሰዓት ያህል ውጭ ይቆዩና ሲሞቁ ክፈቱት። እስከዚያ ልጆቹን በስልክ አንሷቸው።